«ወራጅ አለ!»፦ ሠራተኛ መቅጠርና ሥራ መልቀቅ በሕጉና በወረቀቱ

«በግል ምክንያት ሥራዬን መልቀቅ ስለፈለግሁ እንዲፈቀድልኝ ከታላቅ አክብሮት ጋር አመለክታለሁ።» ብዙ የመልቀቂያ ደብዳቤዎች የሚጻፉት እንዲህ ነው። ደብዳቤው ይገባል፤ አለቃው «እናየዋለን» ይላል፤ ሳምንታት ይነጉዳሉ። አዲሱ መሥሪያ ቤት «መቼ ነው የምትጀምረው?» እያለ ይደውላል፤ አመልካቹ «ገና አልተፈቀደልኝም» ይላል። የድርጅት ባለቤቱ በበኩሉ ሌላ ምሬት አለው፦ ትናንት ደመወዙን የወሰደው ሠራተኛ ዛሬ ስልኩን አጥፍቶ ቀርቷል፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ እሱ ጋ ነው።

የሁለቱም ችግር ሥሩ ሩቅ አይደለም። ሰው ሲቀጠር ሳይጻፍ የታለፈ ነገር፣ ሰው ሲለቅ ጠብ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ መግቢያውንና መውጫውን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ ማየት ይሻላል።

የትኛው ሕግ ነው የሚመለከተኝ?

በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በግል ትምህርት ቤት ወይም መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራን ሰው በአብዛኛው የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት አንቀጾች ሁሉ የዚሁ አዋጅ ናቸው፤ ሌላ ሕግ ሲነሳ በስሙ ይጠራል።

የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። በሰው ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። «የሥራ መሪ» የሚባለውም እንዲሁ፤ ይኸውም የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። «ማናጀር» የሚል መታወቂያ ስላንጠለጠለ ብቻ ማንም የሥራ መሪ አይሆንም። የሚታየው ሥልጣኑ ነው።

ትክክለኛውን ሰው ለመቅጠር ከየት ይጀመራል?

ከማስታወቂያው በፊት ካለው ወረቀት ነው፤ ከሥራ መዘርዝሩ። ብዙ ድርጅት ሰው ሲጎድልበት የዛሬ ሦስት ዓመት ያወጣውን ማስታወቂያ ቀኑን ቀይሮ ያወጣዋል። የለቀቀው ሰው በትክክል ምን ይሠራ እንደነበረ ሳይጠየቅ «ዲግሪና 2 ዓመት ልምድ» ይጻፋል፤ ከዚያ 300 ሲቪ ይመጣል።

ለምሳሌ የሚፈለገው ስቶር ኪፐር ነው እንበል። መዘርዝሩ «የመጋዘን ሥራዎችን ያከናውናል» ቢል ምንም አላለም። «በቀን የሚገባና የሚወጣ ዕቃ በቢን ካርድ (የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚሰፍርበት ካርድ) ይመዘግባል፤ በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ያደርጋል፤ ልዩነት ሲገኝ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ለሂሳብ ክፍል በጽሑፍ ያሳውቃል» ቢል ግን ለሦስት ነገር ያገለግላል፦ ለፈተናው፣ ለሙከራ ጊዜ ምዘናውና ሰውየው ሲለቅ ለሚደረገው ርክክብ። ሳይጻፍ ከቀረ በሦስቱም ቦታ ላይ መጨቃጨቅ አይቀርም።

የልምድ ዓመት ወይስ ፈተና?

እንጀራ ጋጋሪ የሚፈልግ ሰው ስለ ጤፍ ዓይነት ሲያስወራት አይውልም፤ ምጣዱንና ሊጡን ያሳያታል። ከሁለትና ሦስት እንጀራ በኋላ ዓይኑም ጠርዙም ራሱ ይናገራል። በቢሮ ቅጥር ላይ ግን ይህን የለመድነውን ብልሃት ትተን ሲቪ ስናገላብጥ እንከርማለን።

የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው የትኛው መመዘኛ የወደፊት የሥራ ውጤትን በተሻለ እንደሚተነብይ አነጻጽረው ነበር። ምንም የማይናገር መመዘኛ 0፣ ፍጹም የሚናገር ደግሞ 1 ቢሆን፣ ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ 0.51 ሲያገኝ የልምድ ዓመት ብዛት 0.18 ብቻ አገኘ። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሌቱን እንደገና ሲፈትሹት ቁጥሮቹ በአብዛኛው ዝቅ ብለዋል፤ ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ ግን በ0.42 ከሁሉም በላይ ሆኖ ተገኘ። «5 ዓመት የሠራ» የሚለው ሐረግ ሰውየው አምስት ዓመት እንደተቀመጠ እንጂ ምን እንደሠራ አይነግረንም።

ለስቶር ኪፐሩ የተግባር ፈተናው ይህን ሊመስል ይችላል፦ 15 የገቢና የወጪ ሰነዶች፣ አንድ ባዶ ቢን ካርድ፣ 30 ደቂቃ። ከሰነዶቹ በሁለቱ ላይ ሆን ተብሎ ስህተት ይገባል፤ አንዱ ፊርማ የሌለው፣ ሌላው በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ብዛት የማይገጥም። ዋናው ነገር የቀሪው ድምር ትክክል መሆኑ ብቻ አይደለም። ፊርማ የሌለውን ሰነድ ዝም ብሎ የመዘገበና «ይህን ሳላጣራ አልመዘግብም» ብሎ ለብቻው ያስቀመጠ ሰው ይለያያሉ፤ ልዩነታቸውን የትኛውም ሲቪ አያሳይም። ፈተናው ግን ፈተና ይሁን፤ አመልካችን ለሦስት ቀን በነጻ ማሠራት ፈተና አይባልም።

«ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ» ምንድን ነው?

ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ አስቀድሞ በተዘጋጀ የነጥብ መስፈርት መጠየቅ ነው። ስድስት ጥያቄ ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይጠይቅ፤ እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ፤ ነጥቡም ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከመነጋገራቸው በፊት በወረቀት ይስፈር። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ካልተደረገ መጀመሪያ የተናገረው አለቃ ነጥብ የሁሉም ነጥብ ይሆናል።

ጥያቄው ያለፈ ተግባርን የሚያስቆፍር ይሁን። «በጫና ውስጥ መሥራት ይችላሉ?» ቢባል «አልችልም» የሚል የለም። «በመጨረሻ ባደረጉት ቆጠራ ጉድለት ሲገኝ መጀመሪያ ለማን ተናገሩ? በጽሑፍ ነው በቃል?» ሲባል ግን ሥራውን የሠራና ያልሠራ ይለያል። የሠራው ሰው የወሩን ስም፣ የዕቃውን ዓይነት፣ የተቆጣውን ኃላፊ ጭምር ያነሳል።

መጠየቅ የሌለበትም አለ። አዋጁ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በኤች አይ ቪ ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል። «አግብተሻል? ልትወልጂ አስበሻል?» የሚለው ጥያቄ እንደ ጨዋታ ቢነሳም ውሳኔውን ያበላሻል፤ ክርክር ሲመጣም ማስረጃ ይሆናል። ዕድሜ ግን መረጋገጥ አለበት። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ተብሎ ልዩ ጥበቃ ይደረግለታል።

ሠራተኛ የሚገኘው በአገናኝ ኤጀንሲ ከሆነ አንድ ነገር ይታወቅ። በአዋጁ ትርጓሜ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ አይቀበልም። የሚከፍለው ቀጣሪው ነው።

ተያዥ ምን ያህል ዋስትና ነው?

ገንዘብ ያዥ፣ ሹፌር፣ ስቶር ኪፐር ሲቀጠር «ተያዥ አምጣ» ይባላል። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም አንድ ስህተት አለ። ፎርሙ «ሠራተኛው ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉዳት ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ይላል፤ የብር መጠን የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ግን ዋስትናው የተሰጠበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ የዋስትናው ውል ፈራሽ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ «ማንኛውም ጉዳት» የሚለው ፎርም ቀጣሪውን ያጽናናዋል እንጂ አይጠብቀውም። «እስከ ብር 100,000» ብሎ መጻፍ ተያዡንም ቀጣሪውንም ይጠቅማል። ሠራተኛው ሲለቅ ደግሞ ተያዡ ከግዴታው መውጣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጠየቅ አለበት፤ ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

ስለ ቀድሞ አሠሪ ማጣራትም እንዲሁ ነው። አመልካቹ የሰጠው የሞባይል ቁጥር የጓደኛው ሊሆን ስለሚችል ለድርጅቱ ቢሮ ስልክ ይደወል። አሁን እየሠራ ላለበት ቤት ግን ሳይስማማ አይደወልም። ከብዙ ጥያቄ ይልቅ «ቦታው ቢኖር መልሰው ይቀጥሩት ነበር?» የሚለው ይበቃል። ወዲያው የሚመጣ «አዎ» እና ትንፋሽ ከተወሰደ በኋላ የሚመጣ «እ... ጥሩ ልጅ ነው» አንድ አይደሉም።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይፈረማል?

የሥራ ውል በሕጉ የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በቃልም ይጸናል። ሆኖም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት። አሠሪው ይህን ባያደርግ የሠራተኛው መብት አይቀርም። ወረቀቱ የሥራውን ዓይነትና ቦታ፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈል፣ ውሉ የሚቆይበትን ጊዜ ይይዛል።

ደመወዝ ሲጻፍ አንድ ቃል አትዝለሉ፦ «ያልተጣራ» ወይስ «የተጣራ»? «12,000 ብር» ብሎ ዝም ማለት ለመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ጠብ ማስቀመጥ ነው። ቀጣሪው ከግብርና ከጡረታ በፊት ማለቱ ነው፤ ተቀጣሪው ኪሱ የሚገባውን አስቧል። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል።

«ኮንትራት ነህ» የሚለው አባባልም ማብራሪያ ይፈልጋል። በሕጉ መነሻው የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ መቆጠሩ ነው። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው ሥራው ራሱ ጊዜያዊ ሲሆን ነው፤ ወቅታዊ ሥራ፣ ድንገት የበዛ ሥራ፣ በወሊድ ወይም በሕመም ፈቃድ ላይ ያለን ሰው መተካት፣ በቁራጭ የተወሰነ ሥራ የመሰለው። የድርጅቱን የዘወትር ሂሳብ የሚሠራ ሰው በየዓመቱ «የአንድ ዓመት ኮንትራት» ስለፈረመ ሥራው ጊዜያዊ አይሆንም።

የሙከራ ጊዜ ስንት ቀን ነው?

ከሥራ መጀመሪያው ቀን አንስቶ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። በቀድሞው አዋጅ 45 ተከታታይ ቀን ነበር፤ ብዙ ሰው አሁንም 45 የሚለው ለዚህ ነው። «የሥራ ቀን» ስለሆነ በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ቤት 10 ሳምንት፣ አምስት ቀን በሚሠራ ቤት 12 ሳምንት ገደማ ይሆናል። የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ድርጅት ለጥንቃቄ ቅዳሜንም ቢቆጥር ይሻለዋል።

እንግዲህ «የሙከራ ጊዜ 3 ወር» ብሎ የጻፈ የስድስት ቀን ቤት ከ75 የሥራ ቀን በላይ ጽፏል ማለት ነው፤ ከ60 በላይ ያለው አይሠራም። ሙከራው በጽሑፍ ካልሰፈረ ደግሞ የሙከራ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። አንድን ሰው በዚያው ድርጅት ለዚያው ሥራ መልሶ ቀጥሮ እንደገና መሞከርም አይቻልም።

በሙከራ ወቅት ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ካልሆነ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ቀጣሪዎች የሚወድቁት በ58ኛው ቀን ደንግጠው ሲነቁ ነው። በ20ኛው፣ በ40ኛውና በ55ኛው የሥራ ቀን አጭር ምዘና ይያዝና ሠራተኛው ይፈርምበት፤ መዘርዝሩ በደንብ ተጽፎ ከነበረ ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከ60ኛው ቀን በኋላ «በሙከራ አላለፍክም» ማለት በሕግ ፊት ከቋሚ ሠራተኛ ስንብት የተለየ አይደለም።

ሥራ ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ግራ የሚያጋባን ቃሉ ራሱ ነው። «መልቀቂያ» የምንለው ሁለት የተለያየ ወረቀት ነው፤ አንዱ ሠራተኛው የሚያስገባው ደብዳቤ፣ ሌላው ድርጅቱ በመጨረሻ የሚሰጠው ማረጋገጫ። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ «መልቀቂያ አልሰጡኝም» ማለት «ልለቅ አልቻልኩም» የሚል ትርጉም ይዞ ቀረ።

በአንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» እንደማለት ነው። ሹፌሩ «አትወርድም» ማለት አይችልም፤ ተሳፋሪው ግን ዳር ለመያዝ ጊዜ እንዲኖር ቀድሞ መናገር አለበት። በሩን ከፍቶ የዘለለ ራሱን ይጎዳል፤ ከኋላ ያለውንም ያስደነግጣል። ስለዚህ «እንዲፈቀድልኝ» የሚለው ቃል ለጨዋነት ቢሆንም ከደብዳቤው ቢወጣ ይሻላል። ጨዋነት በምስጋናው ይገባል።

ሠላሳው ቀን ለአዲስም ለነባርም ያው ነው። ብዙዎች ከአሠሪው ጋር ያምታቱታል። አሠሪ ሲያሰናብት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው በአገልግሎት ዘመን የሚለያየው፦ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር። ውሉ ሠራተኛውም ሦስት ወር ያስጠንቅቅ የሚል ከሆነ፣ ውል ከሕጉ ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛ ሊሰጥ እንደማይችል አዋጁ ስለሚል፣ ከመልቀቅ በፊት ለሕግ ባለሙያ ማስነበብ አይጎዳም።

ደብዳቤው ምን ይበል?

አራት መስመር ይበቃዋል።

«ቀን፦ ጥር 4 ቀን ...
ለ፦ ሰው ኃይል አስተዳደር
ጉዳዩ፦ የ30 ቀን የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት
በስቶር ኪፐርነት እየሠራሁ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ሥራዬን የምለቅ መሆኑን አሳውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ የካቲት 4 ነው። በእጄ ያለውን ንብረትና ሥራ ለማስረከብ ተረካቢ እንዲመደብልኝ እያሳሰብኩ፣ እስካሁን ለተደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ አመሰግናለሁ።»

ቅሬታ ካለ ለብቻው ይጻፍ፤ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከግል ማኅደር አይወጣም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ይነበባል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተመቶበት ወደ ቤት ይሄዳል። በእጅ ለአለቃ ተሰጥቶ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ደብዳቤ ቆጠራውን ስለመጀመሩ ማስረጃ የለውም። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ይላክና ደረሰኙ ይቀመጥ።

ሠላሳው ቀን ከመቼ ይቆጠራል?

ማስጠንቀቂያው ከተሰጠ በኋላ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን። ጥር 4 የሰጠ ሰው፣ ጥር 5 የሥራ ቀን ከሆነ፣ ከዚያ ይቆጥራል፤ ሠላሳኛው ቀን የካቲት 4 ይሆናል። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ስለሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የምታሳስተው ጳጉሜን ናት። ነሐሴ 20 የሰጠ ሰው ከነሐሴ 21 ቢጀምር ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 15 ላይ ይጨርሳል። በፈረንጆች ቀን የሚሠሩ ድርጅቶች ደግሞ «በሚቀጥለው ወር በዚያው ቀን» ሲሉ አንዳንዴ 31፣ አንዳንዴ 28 ቀን ይቆጥራሉ።

ከ30 ቀን በፊት መልቀቅ ከተፈለገ መንገዱ ስምምነት ነው። ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ተስማምተው በማንኛውም ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። እዚህ ላይ «ከዛሬ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ ይሰካል። አንቀጽ 25 ሠራተኛው በሕግ ያለውን መብት ቢተው መተዉ ውጤት እንደሌለው ይናገራል፤ ያም ሆኖ ሳያነቡ ባይፈርሙ ይመረጣል።

ሳያስጠነቅቁ ቢወጡስ?

በአንቀጽ 32 የተፈቀደባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ አሠሪው ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ሲፈጽም፣ ጾታዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ሲደርስ፣ ለጤና ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ተነግሮት በወቅቱ ሳያስተካክል ሲቀር፣ እንደ ደመወዝ ያሉ መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ሳይወጣ ሲቀር። ምክንያቱና የሚለቀቅበት ቀን ግን በጽሑፍ መገለጽ አለበት። መብቱም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ያልፋል። ተበሳጭቶ ዝም ብሎ ወር የቆየ ሰው በዚህ አንቀጽ መውጣት ይቸግረዋል።

ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ማስጠንቀቂያ የጠፋ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሣ ይጠየቃል፤ ካሣው ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም።

በመጨረሻው ወር ምን ይሠራል?

ርክክብ። «ለጓደኛዬ አሳይቼዋለሁ» ርክክብ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ዝርዝር ይጻፋል፦ የተጀመሩ ሥራዎች ምን ላይ እንደደረሱ፣ ቁልፎች፣ የይለፍ ቃሎች፣ የድርጅቱ ሲም ካርድ፣ የአቅራቢዎችና የደንበኞች ስልክ፣ በየወሩ የሚደርሱ ቀነ ገደቦች። በመጋዘን ከሆነ ተረካቢው ባለበት ቆጠራ ይደረጋል፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና አንድ የሂሳብ ክፍል ሰው ይፈርማሉ። ሳይቆጠር የተፈረመ ርክክብ የሚቀጥለውን ሰው ጉድለት በለቀቀው ሰው ላይ ያስጭናል።

ከዚያ ክሊራንስ ነው፤ ሠራተኛው የድርጅቱ ንብረትም ሂሳብም እንደሌለበት የሚረጋገጥበት። ፎርሙ ከንብረት፣ ከሂሳብ፣ ከአይቲና ከቅርብ ኃላፊ ፊርማ ይጠይቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ሂሳብ ክፍል ላይ ነው፤ ከስድስት ወር በፊት ለመስክ ሥራ የተወሰደ፣ ደረሰኙ የጠፋ፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ። የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ በሁለተኛው ሳምንት ሂሳብ ክፍል ሄዶ «በስሜ ምን ክፍት አለ?» ብሎ መጠየቅ ወር ያተርፋል።

ቀጣሪውስ? ሠላሳው ቀን ተተኪ የሚፈልግበት ጊዜ ነው እንጂ የሚለቀውን ሰው የሚያኮርፍበት አይደለም። ሠራተኛው ድንገት በቋሚነት ለቆ ከሆነ ደግሞ አዋጁ ቦታውን በጊዜያዊ ሠራተኛ ለ45 ተከታታይ ቀን፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመሸፈን ይፈቅዳል። ያ ጊዜ ፈተናና ቃለ መጠይቅ በአግባቡ ለማካሄድ በቂ ነው።

ስንት ብር ነው የሚከፈለኝ፣ መቼስ?

ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ። ጊዜው ሊራዘም የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ወይም ሂሳብ ሳያስረክብ ሲዘገይ ነው፤ ክሊራንስ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በመጠኑ ካልተስማሙ አሠሪው ያመነበትን በዚያው ጊዜ ይከፍላል፤ ቀሪው ይከራከራል። ያለ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊያዝዘው ይችላል።

የሚከፈለው መጀመሪያ የሠራበት ደመወዝ ነው። ቀጥሎ ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይለወጣል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ግማሽ ዓመት ብቻ የሠራም ድርሻው ይሰላለታል፤ ስምንት ቀን።

ሦስተኛው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ «በገዛ ፈቃዱ ለለቀቀ አይከፈልም» የሚለው ወሬ ከፊል እውነት ነው። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በራሱ ተነሳሽነት ቢለቅም አዋጁ ይህን ክፍያ ይሰጠዋል። ስሌቱ፦ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስድስት ዓመት የሠራ፣ የቀን ደመወዙ 400 ብር የሆነ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 12,000፣ ለቀሪው አምስት ዓመት በ4,000 ብር ሂሳብ 20,000፣ በድምሩ 32,000 ብር ይደርሰዋል፤ ግብር ሳይቆረጥ። አራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ላይ ያለ ሰው ደብዳቤውን ከመጻፉ በፊት የቀን መቁጠሪያ ይመልከት።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ምን መያዝ አለበት?

የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ሲከፈለው የነበረውን ደመወዝ። አሠሪው ይህን ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። «በጠየቀ ጊዜ ሁሉ» ማለት ሥራ ላይ እያለም ጭምር ነው።

ደብዳቤውን ከቢሮው ሳይወጡ ያንብቡ። ስሙ ከመታወቂያው ጋር እስከ አያት ይገጥማል? የሥራ መደቡ ዕድገት ከነበረ በየጊዜው ተለይቶ ተጽፏል? «01/05/2014» የሚል ቀን የእኛ ነው የፈረንጅ? «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈበት ሰባትና ስምንት ዓመት የሚያፋልስ ጥያቄ ያስነሳል። ብዙ የሥራ ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን እንዲገልጽ ስለሚጠይቁ ያችን አንድ መስመር ማስገባት በኋላ ከመመላለስ ያድናል።

ባንስማማ የት፣ እስከ መቼ?

የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ክሱን ሲያቀርብ የዳኝነት አይከፍልም። ጊዜው ግን አጭር ነው። ያለአግባብ ተሰናብቻለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ በ3 ወር ይቆማል። ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዘ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ፣ የሠራተኛውም የአሠሪውም፣ ከተቋረጠበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ይታገዳል። «ሰሞኑን እንከፍልሃለን» የሚል የስልክ ተስፋ ክስ ሳይመሠረት ስድስቱን ወር ሊያስበላ ስለሚችል፣ የመጨረሻው የሥራ ቀንና ከዚያ ስድስት ወር የሚሞላበት ቀን ማኅተም ባለው የደብዳቤ ቅጂ ጀርባ ላይ አንድ ላይ ይጻፉ።